ስቲቨን ኩፍለር

ስቲቨን ዊሊያም ኩፍለር (ነሐሴ 18 ቀን 1905 – ጥቅምት 1 ቀን 1973 ዓ.ም.፤ በአውሮፓ አቆጣጠር ኦገስት 24 ቀን 1913 – ኦክቶበር 11 ቀን 1980) በሃንጋሪ የተወለደ፣ በኦስትሪያ ሕክምና የተማረ፣ በአውስትራሊያና በአሜሪካ የሠራ የነርቭ ሥርዓት ተመራማሪ ነበር። ነርቭ ጡንቻን እንዴት እንደሚያዝ፣ ዓይን ብርሃንና ጥላን እንዴት እንደሚለይ፣ አንድ ነርቭ ሌላውን እንዴት እንደሚገታ ያጠናቸው ጥናቶች የዘመናዊ የነርቭ ሳይንስ መሠረት ከሆኑት ይቆጠራሉ። በሃርቫርድ የሕክምና ትምህርት ቤትም በ1966 የተቋቋመውን የኒውሮባዮሎጂ ክፍል የመሠረተው እሱ ነው።

ኩፍለር ከሚታወቅባቸው ሥራዎች አንዱ የተሠራው በአልቅት ላይ ነው። ግሊያ የሚባሉት ሕዋሳት በነርቭ ሥርዓት ውስጥ ምን እንደሚሠሩ ለመቶ ዓመት ያህል በግምት ብቻ ሲነገር ቆይቶ ነበር። ኩፍለርና ባልደረቦቹ በ1960ዎቹ መጀመሪያ በአልቅት የነርቭ ሥርዓት ላይ ባደረጉት ሙከራ የእነዚህ ሕዋሳት ኤሌክትሪካዊ ጠባይ በቀጥታ ተለካ። በዚህ ገጽ ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ልጅነትና ትምህርት

ኩፍለር የተወለደው በምዕራብ ሃንጋሪ በምትገኝ ታፕ በተባለች መንደር፣ በቤተሰቡ የእርሻ ርስት ላይ ነው። እናቱ ገና ሕፃን ሳለ ሞተችበት። በ1919 በሃንጋሪ ለጥቂት ወራት የቆየ የኮሚኒስት መንግሥት ሥልጣን ሲይዝ ቤተሰቡ ለጊዜው ወደ ኦስትሪያ ሸሸ። ያ መንግሥት ሲወድቅ ወደ ርስታቸው ተመለሱ።

እስከ 10 ዓመቱ ድረስ የተማረው በቤት ውስጥ ነበር። ከዚያ በኋላ በኦስትሪያ በኢየሱሳውያን ካህናት በሚመራ አዳሪ ትምህርት ቤት ገባ። የትምህርት ቤቱ ትኩረት በጥንት ቋንቋዎችና በሥነ ጽሑፍ ላይ ስለነበር ኩፍለር በልጅነቱ የቀሰመው የሳይንስ ትምህርት ጥቂት ነው። በ1932 በቪየና ዩኒቨርሲቲ ሕክምና መማር ጀመረ። በዚሁ ጊዜ አካባቢ አባቱ ሀብቱን አጥቶ ስለሞተ፣ ባለ ርስት ልጅ የነበረው ወጣት ራሱን እየረዳ ለመማር ተገደደ። ትምህርቱን ጨርሶ በ1937 ሐኪም ሆነ።

በማርች 1938 ናዚ ጀርመን ኦስትሪያን ጠቅልላ ያዘች። ኩፍለር በአዲሱ አገዛዝ ሥር መኖር አደጋ ስለሆነበት አገሩን ጥሎ ወጣ። በሃንጋሪ በኩል ወደ እንግሊዝ፣ ከእንግሊዝ ደግሞ ወደ አውስትራሊያ ተሻገረ። ሲድኒ ሲደርስ 25 ዓመት ገደማ ነበር። በእጁ የሕክምና ዲግሪ ቢኖረውም በነርቭ ምርምር አንድም ሥራ አልሠራም ነበር።

የሲድኒ ዓመታት

በሲድኒ ሆስፒታል ውስጥ በሚገኘው የካነማትሱ የምርምር ተቋም በዚያን ጊዜ ኃላፊ የነበረው ጆን ኤክልስ የተባለው አውስትራሊያዊ የነርቭ ተመራማሪ ነው። ኩፍለር ጎበዝ የቴኒስ ተጫዋች ስለነበር ሁለቱን መጀመሪያ ያቀራረባቸው ይኸው ጨዋታ ነው ይባላል። ኤክልስ ወጣቱን ስደተኛ በቤተ ሙከራው ቀጠረው። በ1939 ደግሞ ከናዚ ጀርመን ወደ እንግሊዝ ተሰዶ የነበረው በርናርድ ካትስ መጥቶ ተቀላቀላቸው። ዓለም በጦርነት ስትታመስ ሦስቱ ሰዎች በዚያ ሩቅ ከተማ ነርቭና ጡንቻ በሚገናኙበት ቦታ መልእክት እንዴት እንደሚተላለፍ አብረው አጠኑ።

የኩፍለር ተሰጥዖ የታወቀው እዚህ ነው። ሌሎች ተመራማሪዎች ሙሉ ጡንቻን ከብዙ መቶ የነርቭ ክሮች ጋር ሲለኩ፣ እሱ በማይክሮስኮፕ ሥር በቀጭን መሣሪያ እየፈለቀቀ ከእንቁራሪት አንድ የጡንቻ ክር ከአንዲት ነርቭ ጋር ብቻ ለይቶ አወጣ። በዚህ ዓይነት ነርቩ ጡንቻውን የሚነካበትን ነጥብ ብቻ መለካት ተቻለ። በ1942 ያሳተመው ይህ ጥናት ስሙን ከአውስትራሊያ ውጭ አስጠራው። ለጥያቄው የሚስማማ እንስሳ መርጦ፣ ከእንስሳው ደግሞ የሚፈለገውን ብቻ ነጥሎ ማየት ዕድሜውን ሙሉ የሠራበት ዘዴ ሆነ።

በ1943 የሕክምና ተማሪ የነበረችውን ፊሊስ ሹክሮፍትን አገባ። አራት ልጆችም ወለዱ። የሲድኒው ቡድን ግን ብዙም ሳይቆይ ተበተነ። ካትስ በጦርነቱ ወቅት የራዳር መኮንን ሆኖ ወደ አየር ኃይል ገባ፤ ኤክልስ በ1944 ወደ ኒው ዚላንድ ሄደ። ኩፍለር ደግሞ በ1945 ወደ አሜሪካ ተሻገረ።

ባልቲሞር

ለጥቂት ጊዜ በቺካጎ ከሠራ በኋላ በ1947 ባልቲሞር በሚገኘው የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የዓይን ሕክምና ተቋም ገባ። በዚያ በቆየባቸው 12 ዓመታት ገደማ በሦስት ልዩ ልዩ ጉዳዮች ላይ ትልልቅ ግኝቶችን አደረገ።

የመጀመሪያው ጡንቻን የሚመለከት ነው። በጡንቻ ውስጥ የመወጠሩን መጠን የሚለኩ ትንንሽ የስሜት አካላት አሉ። ወደ ጡንቻ ከሚሄዱት የነርቭ ክሮች መካከል ቀጫጭኖቹ ምን እንደሚሠሩ ግልጽ አልነበረም። ኩፍለር ከካርልተን ሃንት ጋር ሆኖ እነዚህ ቀጫጭን ክሮች ጡንቻውን እንደማይጎትቱ፣ ይልቁንም የስሜት አካላቱን ንቃት እንደሚያስተካክሉ አሳየ።

ሁለተኛው የዓይን ጥናት ነው። በ1953 ባሳተመው ጽሑፍ ከድመት ዓይን ወደ አንጎል መልእክት የሚልኩት ሕዋሳት የብርሃኑን መጠን ብቻ እንደማይናገሩ አሳየ። እያንዳንዱ ሕዋስ የሚያየው ትንሽ ክብ ቦታ አለ። በክቡ መካከል የወደቀ ብርሃን ሕዋሱን የሚያነቃ ከሆነ፣ በዙሪያው የወደቀው ይገታዋል። በሌሎቹ ሕዋሳት ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። ስለዚህ ዓይን ለአንጎል የሚያስተላልፈው በዋናነት ብርሃንና ጥላ የሚለያዩበትን ድንበር ነው። ወደ ቤተ ሙከራው የመጡት ዴቪድ ሂዩበልና ቶርስተን ዊዝል ይህንኑ መንገድ ተከትለው ጥናቱን ወደ አንጎል አሻገሩት።

ሦስተኛው ነርቭ ነርቭን የሚገታበትን መንገድ ይመለከታል። ለዚህ የመረጠው ክሬይፊሽ የተባለውን በወንዝ የሚኖር ባለ ቅርፊት እንስሳ ነው፤ ጡንቻውን የሚያነቃውም የሚገታውም ነርቭ በጣም ጥቂት ስለሆኑ ለይቶ መለካት ይቻላል። በ1958 ከቻርልስ ኤድዋርድስ ጋር ባወጣው ጥናት ጋባ የተባለው ንጥረ ነገር በዚህ እንስሳ ላይ የገቺ ነርቭን ሥራ እንደሚመስል አሳየ። ጋባ ዛሬ በሰው አንጎል ውስጥ ዋናው ገቺ አስተላላፊ እንደሆነ ይታወቃል።

ሃርቫርድ

በ1959 ኩፍለር ወጣት ባልደረቦቹን ይዞ ቦስተን ወደሚገኘው የሃርቫርድ የሕክምና ትምህርት ቤት ሄደ። ከተባባሪዎቹ መካከል ሂዩበል፣ ዊዝል፣ ኤድዊን ፈርሽፓንና ዴቪድ ፖተር ነበሩ። ኬሚስቱ ኤድዋርድ ክራቪትስም ከእነሱ ጋር ሠራ። መጀመሪያ የተጠጉት በመድኃኒት ጥናት ክፍል ሥር ነበር። በዚያን ጊዜ የነርቭን ኤሌክትሪክ የሚያጠና ሰው በፊዚዮሎጂ፣ ቅርጹን የሚያጠና በአናቶሚ፣ ኬሚካሉን የሚያጠና በባዮኬሚስትሪ ክፍል ተለያይቶ ይሠራ ነበር። የኩፍለር ቡድን ሦስቱንም ሙያዎች በአንድ ኮሪደር ላይ አሰባሰበ። በ1966 ቡድኑ ራሱን የቻለ የኒውሮባዮሎጂ ክፍል ሆነ፤ በኋላም ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ይህን አርአያ ተከትለዋል።

ግሊያ፦ ለመቶ ዓመት የቆየ ጥያቄ

የነርቭ ሥርዓት የሚሠራው ከሁለት ዓይነት ሕዋሳት ነው። አንደኞቹ ኒውሮን የሚባሉትና መልእክት የሚያስተላልፉት ናቸው። ሁለተኞቹ ግሊያ ይባላሉ። በሰው አንጎል ውስጥ የሁለቱ ቁጥር ተቀራራቢ እንደሆነ በቅርብ ዘመን የተደረገ ቆጠራ ያሳያል። ግሊያ የሚለው ስም ከግሪክኛ የመጣ ሲሆን ሙጫ ማለት ነው። ስሙን በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ የሰጠው ጀርመናዊው ሐኪም ሩዶልፍ ፊርሾ እነዚህን ሕዋሳት ያያቸው ኒውሮኖችን አያይዞ እንደሚያቆም ሙጫ አድርጎ ነው።

ከእሱ በኋላ የመጡት ተመራማሪዎች የተለያየ ግምት ሰጡ። ጣሊያናዊው ካሚሎ ጎልጂ ግሊያ ከደም ምግብ እየወሰደ ኒውሮንን ይመግባል ብሎ አሰበ። እስፓኛዊው ሳንቲያጎ ራሞን ኢ ካሃልና ተማሪው ፒዮ ዴል ሪዮ ኦርቴጋ ዓይነታቸውን ለይተው ሣሉ። ሆኖም ይህ ሁሉ የተመሠረተው በሞተና በቀለም በተነከረ አንጎል ላይ ነው። ሕያው ግሊያ ምን እንደሚያደርግ የለካ አልነበረም፤ ምክንያቱም ሕዋሳቱ ትንንሽ ከመሆናቸውም በላይ ከኒውሮኖች ጋር ተጠላልፈው ስለሚኖሩ በሹል ኤሌክትሮድ የተወጋው የትኛው እንደሆነ ማወቅ አስቸጋሪ ነበር።

የጉዳዩን መልክ ለመገመት የጌዴኦን ማሳ ማሰብ ይቻላል። በዲላና በይርጋ ጨፌ ዙሪያ ባሉ ኮረብታዎች ቡና ብቻውን አይተከልም። ከላይ ትልልቅ ዛፎች ጥላ ይሰጡታል፣ ከጎኑ እንሰት አፈሩንና እርጥበቱን ይይዝለታል። ገበያ የሚወጣውና የሚቆጠረው ቡናው ቢሆንም ቡናው የቆመው ከሌሎቹ ጋር ነው። ቡናውን ብቻ የቆጠረ ሰው ማሳውን አላወቀውም። የነርቭ ተመራማሪዎችም ለብዙ ዘመን ኒውሮንን ብቻ ቆጥረው ግሊያን እንዳለ ትተውት ነበር።

በ1950ዎቹ የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲመጣ ጥያቄው ይበልጥ ከረረ። በአንጎል ውስጥ በሕዋስና በሕዋስ መካከል የሚታየው ክፍተት እጅግ ጠባብ፣ 15 ናኖሜትር ገደማ ሆኖ ተገኘ። አንድ ናኖሜትር የአንድ ሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው። ስለዚህ አንዳንዶች ጨውና ምግብ በዚህ ስንጥቅ ሊያልፍ አይችልም፣ የሚያልፈው በግሊያ ሆድ ውስጥ ነው ብለው ተከራከሩ። ጉዳዩ ትልቅ ነበር፤ አንጎል ከደም የሚፈልገውን በየት በኩል ያገኛል የሚለው ጥያቄ በዚህ ላይ የተንጠለጠለ ነውና።

አልቅት ለምን ተመረጠ?

ኩፍለር ይህን ለመፍታት የመረጠው ለሕክምና ደም ለመምጠጥ ያገለግል የነበረውን የአውሮፓ አልቅት ነው። አልቅት አከርካሪ የለውም። የነርቭ ሥርዓቱ በሆዱ በኩል ከራስ እስከ ጅራት የሚሄድ ገመድ ነው። በገመዱ ላይ እንደ መቁጠሪያ ዶቃ የተሰደሩ 21 የነርቭ ቋጠሮዎች አሉ፤ በራሱና በጅራቱ በኩል ደግሞ ብዙ ቋጠሮዎች ተዋህደው የፈጠሯቸው ሁለት ትልልቅ ቋጠሮዎች ይገኛሉ። በእያንዳንዱ መካከለኛ ቋጠሮ ውስጥ ያሉት ኒውሮኖች 400 ገደማ ብቻ ናቸው። ስዊድናዊው ጉስታፍ ሬትሲየስ በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ባጠናው በዚህ ቋጠሮ ውስጥ ሁለት ግዙፍ ኒውሮኖች አሉ፤ እስከ ዛሬም በስሙ ይጠራሉ።

ለኩፍለር ሥራ ከሁሉ የጠቀመው ግን የግሊያው አቀማመጥ ነው። በአንድ ቋጠሮ ውስጥ የኒውሮኖቹ አካላት በ6 እሽጎች ተከፋፍለው ይቀመጣሉ። እያንዳንዱን እሽግ አንድ ግዙፍ የግሊያ ሕዋስ ብቻውን ጠቅልሎ ይይዘዋል። በቋጠሮው መካከል፣ የነርቭ ክሮች በሚገናኙበት ቦታ፣ ሌሎች ሁለት ግዙፍ ግሊያዎች አሉ። ቋጠሮን ከቋጠሮ በሚያያይዙት ሁለት የጎን ገመዶችም ውስጥ በእያንዳንዳቸው አንድ ግሊያ ይገኛል። በአጥቢ እንስሳ አንጎል ውስጥ በቢሊዮን የሚቆጠረው ሕዋስ እዚህ በጣት የሚቆጠር ነው። ግሊያው ብርሃን ስለሚያሳልፍ ኒውሮኖቹ በማይክሮስኮፕ በሕይወት እያሉ ይታያሉ። ስለዚህ ኤሌክትሮዱ የገባው በኒውሮን ይሁን በግሊያ ማወቅ ተቻለ።

ሌላም ጥቅም ነበረው። የአልቅት የነርቭ ገመድ በደም ጎድጓዳ ውስጥ ተዘርግቶ ይኖራል እንጂ ወደ ቋጠሮው ውስጥ የሚገባ የደም ሥር የለም። ምግብም ሆነ ጨው ወደ ኒውሮን ለመድረስ ወይ በግሊያው ውስጥ ወይ በጠባቡ ስንጥቅ ማለፍ አለበት። በአንጎል ላይ አከራካሪ የነበረው ጥያቄ በአልቅት ላይ ሁለት መንገድ ብቻ ቀረለት።

ሙከራዎቹና ውጤታቸው

ኩፍለርና ዴቪድ ፖተር የመጀመሪያውን ጥናት በ1964 አሳተሙ። በሹል የመስታወት ኤሌክትሮድ ግሊያውን ሲወጉት ከሕዋሱ ውስጥና ከውጭ መካከል ያለው የቮልቴጅ ልዩነት 75 ሚሊቮልት ገደማ ሆነ። የኒውሮኖቹ ከዚህ ያንሳል፣ 50 ሚሊቮልት ገደማ ነበር። ወደ ግሊያው ኤሌክትሪክ ሲልኩ ኒውሮን እንደሚያደርገው ድንገተኛ ምት አላሰማም፤ የተላከው ኤሌክትሪክ ሲቆም ቮልቴጁም ዝም ብሎ ወደ ነበረበት ተመለሰ። ግሊያ እንደ ኒውሮን መልእክት የሚተኩስ ሕዋስ እንዳልሆነ በዚህ ታወቀ።

ሁለተኛ፣ በአንዱ ግሊያ ውስጥ የገባ ኤሌክትሪክ ወደ ጎረቤቱ ግሊያ በቀላሉ ይሻገራል። ግሊያዎቹ እርስ በርሳቸው በቀጥተኛ መተላለፊያ የተያያዙ ናቸው ማለት ነው። ከግሊያ ወደ ኒውሮን ግን እንዲህ ያለ መተላለፊያ አልተገኘም።

ሦስተኛው ሙከራ ድፍረት የሚጠይቅ ነበር። እሽጉን የጠቀለለውን ግሊያ ከፍተው ይዘቱን አጠቡና ኒውሮኖቹን አራቆቷቸው። ግሊያ ኒውሮንን በየደቂቃው የሚመግብ ከሆነ ኒውሮኖቹ ወዲያው መድከም ነበረባቸው። እነሱ ግን ለሰዓታት ቮልቴጃቸውን ጠብቀው መልእክት ማስተላለፋቸውን ቀጠሉ። የጎልጂ ግምት፣ ቢያንስ ለአጭር ጊዜ ሥራ፣ በዚህ ሙከራ አልተደገፈም።

ከጆን ኒኮልስ ጋር ሆኖ በዚያው ዓመት ያሳተመው ሌላ ጥናት የስንጥቁን ጥያቄ ፈታ። ኒውሮን መልእክት ለመተኮስ ከውጭ ሶዲየም ያስፈልገዋል። ተመራማሪዎቹ ቋጠሮው ከተቀመጠበት ፈሳሽ ሶዲየሙን አውጥተው በሌላ ነገር ሲተኩት የኒውሮኑ ምት በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ መድከም ጀመረ። ሶዲየሙ ሲመለስ ምቱም እንደዚያው በፍጥነት ተመለሰ። በግሊያው ውስጥ ያለው ጨው ደግሞ እንደ ማንኛውም ሕዋስ ፖታሲየሙ የበዛ፣ ሶዲየሙ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ግሊያ የፈሳሽ ቦይ እንዳልሆነና መንገዱ ያ ጠባብ ስንጥቅ ራሱ እንደሆነ በዚህ ተረጋገጠ። ስንጥቁ ጠባብ ቢሆንም ለጨውና ለትንንሽ ሞለኪውሎች ሰፊ መንገድ ነው።

እስከዚህ ድረስ የተገኘው መልስ በአብዛኛው ግሊያ ምን እንዳልሆነ የሚናገር ነበር። ቀጣዩ ጥያቄ ኒውሮን ሲሠራ ግሊያ ይሰማዋል ወይ የሚል ሆነ። ለዚህ ኩፍለር፣ ኒኮልስና ሪቻርድ ኦርካንድ ከአልቅት ወደ ሌላ እንስሳ ዞሩ። የመረጡት በሰሜን አሜሪካ ሐይቆች የሚኖረውን ኔክቱረስ የተባለ ባለ ጅራት የእንቁራሪት ዘመድ ሲሆን ያጠኑት የዓይን ነርቩን ነው። በ1966 ባሳተሙት ጥናት የዚህ እንስሳ ግሊያ ቮልቴጅ 90 ሚሊቮልት ገደማ እንደሆነና ከሞላ ጎደል በፖታሲየም ብቻ እንደሚወሰን አሳዩ። ነርቩ ሲቀሰቀስ የግሊያው ቮልቴጅ ቀስ ብሎ ይወርዳል። በእንስሳው ዓይን ላይ ብርሃን ሲበራም ይኸው ሆነ።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ኒውሮን አንድ ምት በተኮሰ ቁጥር ትንሽ ፖታሲየም ከውስጡ ይወጣል። ስንጥቁ ጠባብ ስለሆነ ብዙ ምት ሲከታተል ፖታሲየሙ እዚያ ይጠራቀማል። የግሊያ ሽፋን ደግሞ ፖታሲየምን የሚያሳልፍ ስለሆነ ቮልቴጁ ከዚያ ጋር ይለወጣል። ስለዚህ ግሊያ ራሱ ባይተኩስም ጎረቤቱ ምን ያህል እንደሠራ በፖታሲየሙ ያውቃል። ተመራማሪዎቹ እርስ በርስ የተያያዙት ግሊያዎች የተጠራቀመውን ፖታሲየም ከበዛበት ወደ ጎደለበት ሊያሻግሩት እንደሚችሉም ጠቆሙ። ይህ ሐሳብ እስከ ዛሬ በመማሪያ መጻሕፍት ውስጥ ይገኛል።

ከእሱ በኋላ የታወቀው

የኩፍለር ሥራ ግሊያን ከግምት ወደ መለኪያ አሸጋገረ እንጂ ጉዳዩን አልዘጋም። በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች በአልቅት ቋጠሮ መካከል ያሉት ሁለቱ ግዙፍ ግሊያዎች ነርቮች ለሚለቋቸው እንደ ሴሮቶኒንና ግሉታሜት ላሉ ንጥረ ነገሮች ተቀባይ እንዳላቸው አገኙ። ከግዙፎቹ ሌላ ያሉት ጥቃቅን ግሊያዎች የነርቭ ገመዱ ሲቆረጥ ወደ ቁስሉ እየተጓዙ እንደሚከማቹም ታየ። የአልቅት ነርቭ ከተቆረጠ በኋላ ተመልሶ የሚያድግ በመሆኑ፣ በገመዱ ውስጥ ያለውን ግሊያ ለይቶ በመግደል ነርቩ ያለ እሱ ማደግ ይችል እንደሆነ ተፈትኗል፤ ማደግ እንደሚችልም ተገኝቷል።

በሰው ሕክምናም ግሊያ ትልቅ ቦታ አለው። የነርቭን ክር እንደ ሽቦ ልባስ የሚሸፍነውን ማይሊን የሚሠሩት በአንጎልና በአከርካሪ ገመድ ውስጥ ያሉ ግሊያዎች ናቸው። መልቲፕል ስክለሮሲስ በተባለው ሕመም የሚጎዳው ይኸው ልባስ ነው። ግሊዮማ የሚባሉት የአንጎል እጢዎችም ስማቸውን ያገኙት ከግሊያ ነው።

አልቅት ራሱ ከዚህ በኋላ የነርቭ ቤተ ሙከራዎች የታወቀ እንስሳ ሆነ። ኒኮልስ ከዴኒስ ቤይለር ጋር ሆኖ በ1968 በእያንዳንዱ ቋጠሮ ውስጥ መነካትን፣ መጫንንና ጉዳትን የሚለዩትን ኒውሮኖች አንድ በአንድ ለይቶ አወጣ።

በኢትዮጵያ አልቅት የሚታወቀው በቤተ ሙከራ ሳይሆን በውሃ ዳር ነው። ከብትም ሆነ ሰው ከምንጭ ወይም ከጅረት በቀጥታ ሲጠጣ ትንሹ አልቅት በአፍ ወይም በአፍንጫ ገብቶ ጉሮሮ ላይ ይጣበቅና ደም እየመጠጠ ያድጋል። የሙጥኝ ብሎ የማይለቅን ሰው በአልቅት መመሰልም ከዚህ የመጣ ነው። በገጠር ልጅ ሁሉ የሚፈራው ይህ ፍጥረት በሆዱ የያዘው የነርቭ ገመድ ስለ ሰው አንጎል ብዙ አስተምሯል።

የኋላ ዓመታትና ሞት

ኩፍለር ከግሊያ ጥናት በኋላ ወደ ወጣትነቱ ጥያቄ፣ ወደ ሲናፕስ፣ ተመለሰ። በ1970ዎቹ ከጃክ ማክማሃንና ከሌሎች ጋር ሆኖ ነርቭ አሴቲልኮሊን የተባለውን ንጥረ ነገር የሚለቅበትን ነጥብ በማይክሮስኮፕ እያየ በትክክል ለካ። ወደ መጨረሻው ደግሞ ከሊሊ ጃንና ከዩህ ኑንግ ጃን ጋር በእንቁራሪት ነርቭ ላይ ፔፕታይድ የተባለ የንጥረ ነገር ዓይነት ለደቂቃዎች የሚቆይ ዝግተኛ መልእክት እንደሚያስተላልፍ አሳየ። በ1976 ከኒኮልስ ጋር የጻፈው ከኒውሮን እስከ አንጎል የሚያስተምር መጽሐፍ በብዙ አገሮች የነርቭ ሳይንስ ተማሪዎች መማሪያ ሆኗል፤ ከሞቱ በኋላም በሌሎች ደራስያን እየታደሰ ታትሟል።

በ1964 የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚ አባል፣ በ1971 የለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ የውጭ አባል ሆነ። በ1972 የሉዊዛ ግሮስ ሆርዊትስ ሽልማትን ተቀበለ። የኖቤል ሽልማት አላገኘም፤ አብረውት ከሠሩት ግን ብዙዎች አግኝተዋል። ኤክልስ በ1963፣ ካትስ በ1970፣ ሂዩበልና ዊዝል በ1981 ተሸልመዋል። ኩፍለር ራሱ በእጁ ሙከራውን ባልሠራበት ጽሑፍ ላይ ስሙ እንዲገባ አይፈቅድም ነበር። ስለዚህ ሂዩበልና ዊዝል በእሱ ቤተ ሙከራ ጀምረው ባሳተሟቸው ታላላቅ ጥናቶች ላይ ስሙ የለም። የሚያውቁት ሰዎች ቀልድ ወዳድ፣ ወግና ማዕረግ የማይወድ፣ ትልቅ ቡድን ከማስተዳደር ይልቅ ከአንድ ሁለት ሰው ጋር በማይክሮስኮፕ ዳር መቀመጥ የሚመርጥ ሰው እንደነበር ያስታውሱታል።

በየበጋው በማሳቹሴትስ ባሕር ዳርቻ በውድስ ሆል በሚገኘው የባሕር ሥነ ሕይወት ምርምር ጣቢያ አጠገብ ይኖርና ይሠራ ነበር። በኦክቶበር 11 ቀን 1980 በዚያው በውድስ ሆል ከዋና በኋላ በልብ ድካም በ67 ዓመቱ ሞተ። እስከዚያው ዓመት ድረስ ሙከራ በእጁ ይሠራ ነበር።